«አልጋው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም

በገጠር መንገደኛ ሲመሽበት ከደጃችን ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ይላል። እኛም «ቤት ለእንግዳ» ብለን እናስገባዋለን። እግሩን እናጥበዋለን። ያለችንን እናቀርብለታለን። መደቡን ለእሱ ለቀን እኛ ከታች እንተኛለን። ሲነጋ መርቆን ይሄዳል። ገንዘብ አንጠይቀውም። እሱም «ሂሳቤ ስንት ነው?» አይለንም። ቢለን እንኳ ቅር ይለናል።

ይህ መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ወደ ከተማ ስንሄድም አብሮን ይሄዳል። ከተማ ገብተን አልጋ ቤት ስንደርስ ዋጋ መጠየቅ ያሳፍረናል። «ድሃ ነው ይሉኛል፤ ይስቁብኛል» ብለን እንሰጋለን። ስለዚህ ዝም ብለን ገብተን እንተኛለን። ጠዋት ሂሳቡ ሲመጣ ግን እንደነግጣለን።

ወደ ከተማ የምንሄደው በልዩ ልዩ ምክንያት ነው። አንዳችን በሽተኛ ይዘን ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን። ሌላችን የመሬት ጉዳይ ይዘን ወደ ፍርድ ቤት እንሄዳለን። ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ አለ። ዘመድ ሊጠይቅ፣ ዕቃ ሊገዛ፣ ከተማውንም ሊያይ የሚሄድ አለ። በኪሳችን ያለው ገንዘብ ግን የበሬ፣ የበግ ወይም የጤፍ ዋጋ ነው። ያ ገንዘብ በአልጋና በምግብ ካለቀ የሄድንበት ጉዳይ ሳይፈጸም እንመለሳለን። በሽተኛው ሳይታከም ይመለሳል። ያን ጊዜ በሬውም የለም፤ ጤናውም የለም።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምንማረው አንድ ዋና ነገር ነው። በከተማ አልጋ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ዕቃ ስንገዛ አይተን፣ ጠይቀን፣ ተከራክረን እንደምንገዛ ሁሉ አልጋንም እንዲሁ እናድርግ። ጓዛችንን የምናስቀምጠው ከዚያ በኋላ ይሁን።

1. እንግዳ ማሳደር ሥራ የሆነው እንዴት ነው?

ምግብና መኝታ በገንዘብ መሸጥ በአገራችን የቆየ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሆቴል የሚባል ነገር አልነበራትም። ከሩቅ የመጣ ሰው ዘመድ ቤት ያርፋል፤ ወይም ድንኳን ይተክላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከተማዋ ሰፋች። ነጋዴው፣ ባለጉዳዩና የውጭ አገር ሰው በዛ። ያን ሁሉ ሰው በዘመድ ቤት ማሳደር አልተቻለም።

በ1890ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን በፒያሳ አንድ ሆቴል ተሠራ። ይህ ሆቴል እቴጌ ሆቴል ተባለ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ጣይቱ ሆቴል በሚለው ስሙ ነው። በዚያን ጊዜ ምግብ ሽጦ መብላት፣ በልቶም መክፈል እንደ ነውር ይታይ ነበር። ስለዚህ ሰው መግባት ፈራ። ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በሉ፤ የበሉበትንም ሂሳብ ከፈሉ እየተባለ ይተረካል። ሕዝቡ አይቶ እንዲለምድ ነው። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ከፊሉ ተቃጥሎ ነበር። ከዚያም ታድሶ እንደገና እንግዳ ተቀብሏል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንረዳለን? በከተማ ለመኝታ መክፈል ነውር መሆኑ ከቀረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መክፈል ነውር ካልሆነ ደግሞ ዋጋ መጠየቅም ነውር አይደለም።

2. ከቤታችን ሳንወጣ የምናደርገው

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የመንገድ ዝግጅትም እንዲሁ ነው። ሳንቸኩል ከቤታችን እንጀምረው።

አንደኛ፣ ቀኑን እንምረጥ። የአልጋ ዋጋ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለጥምቀት ጎንደር፣ ለገና ላሊበላ፣ ለኅዳር ጽዮን አክሱም፣ ለታኅሣሥና ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ ሰው ይጎርፋል። ሰው ሲበዛ አልጋ ይጠፋል፤ የተገኘውም ይወደዳል። በዓሉን ለማክበር ከሆነ የምንሄደው ከብዙ ቀን በፊት አልጋ እንያዝ። ለሌላ ጉዳይ ከሆነ ግን በዓሉ ሲያልፍ ብንሄድ ይሻለናል። በአዲስ አበባም የአፍሪካ መሪዎች በየዓመቱ በየካቲት ገደማ ሲሰበሰቡ መንገዶች ይዘጋሉ፤ ትልልቆቹም ሆቴሎች ይሞላሉ።

ሁለተኛ፣ የቀጠሮ ወረቀታችንን እናንብብ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ሰዓቱስ? በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት የሚባለው በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ቀጠሮን አሳስቶ አንብቦ አንድ ሳምንት ቀድሞ መሄድ የአንድ ሳምንት አልጋ መክፈል ነው። ካልገባን የጻፈውን ሰው ወይም ልጆቻችንን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። ከቀበሌያችን ባለፉት ወራት ወደዚያ ከተማ ሄዶ የተመለሰ ሰው አይጠፋም። «የት አደርክ? ስንት ከፈልክ? ውኃ ነበረው? ሌሊቱስ እንዴት ነበር?» እንበለው። የአልጋ ቤቱን ስም፣ የሰፈሩንና የስልኩን ቁጥር በወረቀት እንጻፍ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው። በጭንቅላት የያዝነው ይረሳል፤ የጻፍነው ግን ከኪሳችን አይጠፋም።

ነገር ግን የቆየ ምክር እንጠንቀቅ። ከተማ ይለወጣል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ መንገዶችም ሰፍተዋል። ከዚያ በፊት የሄደ ሰው «ከዚህ ሱቅ አጠገብ ታጥፈህ» ቢለን ሱቁን ላናገኘው እንችላለን። ስለዚህ የስልክ ቁጥር ካለን ደውለን «ቤቱ አሁንም አለ? አልጋ አለ? ዋጋው ስንት ነው?» ብለን እንወቅ። መንገዱም ክፍት መሆኑን ሳንነሳ እንጠይቅ።

አራተኛ፣ መታወቂያችንን እንያዝ። አልጋ ቤቶች መታወቂያ አይተው ስማችንን ይመዘግባሉ። መታወቂያ የሌለው ሰው ገንዘብ ቢኖረውም ሊመለስ ይችላል። የቀበሌ መታወቂያ ወይም የፋይዳ መታወቂያ ካለን እሱን እንያዝ።

አምስተኛ፣ ገንዘባችንን በአንድ ኪስ አንያዝ። የመንገዱን በውጭ ኪስ፣ ሌላውን በውስጥ ኪስ እናድርግ። በባንክ ወይም በስልክ ማስቀመጥም ይቻላል። ቴሌብር የሚባለው የስልክ ገንዘብ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ብዙ አልጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች በዚህ ይቀበላሉ። ሁሉም አይደሉምና ቀድመን እንጠይቅ። የምሥጢር ቁጥራችንን ግን ለማንም አንንገር። «ልርዳህ» ላለንም ስልካችንን አንስጥ።

3. መናኸሪያ ስንደርስ

በትልቅ ከተማ መናኸሪያው አንድ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የመርካቶው አውቶቡስ ተራ አለ። ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አስኮና አየር ጤናም መናኸሪያዎች አሉ። ስለዚህ ስንሳፈር «የት ነው የምታወርደን?» ብለን ረዳቱን እንጠይቅ። የሚቀበለን ዘመድ ካለ የትኛው መናኸሪያ እንደምንወርድ እንንገረው። አለዚያ እሱ ቃሊቲ፣ እኛ ላምበረት ቆመን ይመሻል።

አውቶቡሱ ቆሞ ስንወርድ «አልጋ! አልጋ! ርካሽ አልጋ!» የሚሉ ሰዎች ይከቡናል። ጓዛችንን ከእጃችን ሊቀበሉን ይሞክራሉ። እነዚህ ደላሎች ናቸው። ደላላው ገንዘቡን የሚያገኘው እንግዳ ይዞለት ከሚሄደው አልጋ ቤት ነው። አልጋ ቤቱ ደግሞ ለደላላው የከፈለውን ከእኛ ሂሳብ ላይ ሊያወጣው ይፈልጋል። ስለዚህ ብቻችንን ብንሄድ በትንሽ ዋጋ የምናገኘው አልጋ በደላላ ሲሆን ሊወደድ ይችላል። ደላላ ሁሉ ክፉ ነው አንልም። እሱም እንጀራ ፈላጊ ነው። እኛ ግን አውቀን እንምረጥ። ካልፈለግን «ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ማረፊያ አለኝ» ብለን በትሕትና እንለፈው።

ተሸካሚ ብንፈልግ ዕቃው ሳይነሳ ዋጋውን እንነጋገር። ዕቃው ከተነሳ በኋላ ዋጋው በእሱ እጅ ነው።

አምሽተን ከደረስን ብዙ መዞር አይገባም። በሌሊት በማናውቀው ሰፈር መንከራተት ከአልጋ ዋጋ የበለጠ ያስከፍላል። ከመናኸሪያው አጠገብ ብርሃንና ሰው ባለበት ቦታ ያለ አልጋ እንያዝ። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ብቻ እንክፈል። ሲነጋ የተሻለና የረከሰ ፈልገን እንለውጣለን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ የሳምንቱን በመጀመሪያው ማታ ከፍለን አንታሰር።

4. ርካሽ አልጋ ሁልጊዜ ርካሽ ነው?

አይደለም። የአልጋ ዋጋ ብቻውን አይታይም። ከጉዳያችን ቦታ ያለው ርቀት አብሮ ይታያል። ይህን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ገበሬ ሚስቱን ለማሳከም አዲስ አበባ መጣ እንበል። ሕክምናው ስድስት ቀን ይፈጃል። ሁለት አልጋ ቤቶች አገኘ።

የመጀመሪያው ሩቅ ነው። በሌሊት 300 ብር ያስከፍላል። ሆስፒታል ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። ለመመለስም ሁለት ነው። በአንድ ታክሲ ለአንድ ሰው 20 ብር ቢሆን ለሁለት ሰው በቀን 160 ብር ይሆናል። አልጋውና ታክሲው ሲደመሩ በቀን 460 ብር ነው። በስድስት ቀን 2760 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው ከሆስፒታሉ አጠገብ ነው። በሌሊት 400 ብር ያስከፍላል። ታክሲ አያስፈልግም። በስድስት ቀን 2400 ብር ይሆናል።

እንግዲህ ባለ 400 ብሩ አልጋ ከባለ 300 ብሩ በ360 ብር ረከሰ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በሽተኛዋ በታክሲ ሰልፍ አትደክምም። ምሳ ሰዓት ላይ ገብታ ጋደም ትላለች። አስታማሚውም ወጣ ብሎ ሻይ ያፈላላታል። ይህ በብር አይቆጠርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ጉዳያችን የት ሰፈር ነው?» ብለን ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሰው በሜክሲኮና በቸርችል ጎዳና በኩል ይፈልግ። ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሄድ ጉለሌ በኩል ይፈልግ። አለርት የሚሄድ ዘነበወርቅ አካባቢ ይጠይቅ። በትልልቅ ሆስፒታሎች አቅራቢያ ከሩቅ ለመጡ ሕሙማንና አስታማሚዎች ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች አሉ። እዚያው ተኝቶ የወጣ በሽተኛ ወይም አስታማሚ ብንጠይቅ ከደላላ ይልቅ እውነቱን ይነግረናል። እሱ ኮሚሽን አይበላበትምና።

5. ሳናይ አንክፈል

በሬ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን። ጀርባውን እንዳስሳለን። አስነስተን እናስሄደዋለን። አልጋም ሳይታይ አይከፈልበትም። «ክፍሉን ማየት እችላለሁ?» ማለት መብታችን ነው። እሺ ያላለን ቤት ካለ ሌላ ቤት እንሂድ።

ክፍሉ ውስጥ ስንገባ እነዚህን ስድስት ነገሮች እንመልከት፦

ሀ. በሩ። ቁልፉ ይሠራል ወይ? ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው? መስኮቱስ ይዘጋል?

ለ. ፍራሹ። አንሶላውን ገልጠን የፍራሹን ስፌትና ጠርዝ፣ የአልጋውንም መጋጠሚያ እንይ። ትናንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የደም ምልክት ካለ ትኋን አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ትኋን ቀን ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ይወጣል። በጓዛችንም ተሸሽጎ እስከ ቤታችን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጓዛችንን ከመሬትና ከአልጋው ራቅ አድርገን እናስቀምጥ።

ሐ. አንሶላው። ታጥቧል ወይ? ካልታጠበ «እኅቴ፣ አንሶላ ቀይሪልን» እንበል።

መ. ውኃው። በብዙ ከተሞች ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቧንቧውን ከፍተን እንይ። ካልመጣ «ሮቶ አላችሁ? ውኃ በየትኛው ቀን ይመጣል?» ብለን እንጠይቅ።

ሠ. መጸዳጃው። ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ የጋራ ነው? የጋራ ከሆነ ሩቅ ነው ወይ? ሌሊት መብራት አለው? በሽተኛ ወይም ሽማግሌ ከያዝን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደረጃ ካለም እናስብበት።

ረ. ድምፁ። ከሥሩ መጠጥ ቤት ወይም የሙዚቃ ቤት ካለ ሌሊቱን እንቅልፍ የለም። ቀን ዝም ያለ ቤት ማታ ሊጮህ ይችላል። በር ላይ የተቀመጠውን ዘበኛ ወይም አጠገቡ ያለውን ባለሱቅ «ማታ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አዲስ አበባ ደጋ ናት። በተለይ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ከቆላ የመጣን ሰዎች ጋቢያችንን እንያዝ፤ ወይም ተጨማሪ ብርድ ልብስ እንጠይቅ። ለሙቀት ብለን ግን በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን አንተኛ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ አይታይም፤ አይሸትም። የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል።

6. ዋጋ እንዴት እንነጋገራለን?

ዋጋ ስንነጋገር አንጣላም፤ አንለማመጥምም። በገበያ እንደምናደርገው ረጋ ብለን እንነጋገራለን። ለምሳሌ እንዲህ ይሁን፦

— እኅቴ፣ እንደምን ዋልሽ? አልጋ አለ?
— አለ አባባ። ስንት ቀን ነው የሚቆዩት?
— ሰባት ሌሊት ነው። አንድ ሌሊት ስንት ነው?
— አራት መቶ ብር ነው።
— ለሁለት ሰው ይጨምራል ወይ? ባለቤቴ ታማ ነው የመጣነው።
— አይጨምርም። ሁለታችሁም በዚያው ነው።
— ደግ። እንግዲህ የምንቆየው ሰባት ሌሊት ነው። የስድስቱን ከፍለን ሰባተኛውን ብትተዪልንስ?
— እስቲ ባለቤቱን ልጠይቅልዎት።

ባለቤቱ እሺ ካለ 400 ብር ተረፈ። ከ2800 ብር ወደ 2400 ብር ወረደ ማለት ነው። እሺ ባይልም የጠየቀ ሰው አይከሰርም። አልጋ ቤት ባዶ ክፍል ከሚያሳድር ቀንሶ ቢያከራይ ይመርጣል። ስለዚህ ዋጋ ለማስቀነስ የሚረዱን ሦስት ነገሮች አሉ። ብዙ ሌሊት መቆየት አንዱ ነው። ሰው በማይበዛበት ጊዜ መሄድ ሁለተኛው ነው። አጠገቡ ያሉትን ሁለት ሦስት ቤቶች ቀድሞ ጠይቆ መምጣት ሦስተኛው ነው። አንድ ቤት ብቻ የጠየቀ ሰው ውድ ይሁን ርካሽ በምን ያውቃል?

ዋጋውን ስንስማማ እነዚህንም እንጠይቅ፦

«ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የምንለቀው?» በብዙ ቤቶች ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ የሌላ ቀን ሊያስከፍሉን ይችላሉ።

«ቁርስ አለው ወይ?» አንዳንድ ሆቴል የቁርሱን ከአልጋው ጋር ይቆጥራል። ካለው እንብላ፤ ከፍለንበታልና።

«ታክሱ ገብቷል ወይ?» ይህ በትልልቅ ሆቴሎች ይበልጥ ያስፈልጋል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። አንዳንዶቹ ለአገልግሎት 10 በመቶ ይጨምራሉ። 1000 ብር የተባለ ክፍል መጀመሪያ 1100 ይሆናል። ታክሱ በዚያ ላይ ሲታሰብ 1265 ብር ይደርሳል። ሳይጠይቅ የገባ ሰው 265 ብር ያላሰበውን ይከፍላል።

ቀብድ ከሰጠን ወይም ከከፈልን ደረሰኝ እንቀበል። ደረሰኙን እናንብበው። ቀኑ ትክክል ነው? የሌሊቱ ብዛት ትክክል ነው? የብሩ መጠን የተነጋገርነው ነው? ከዚያ አጥፈን እናስቀምጠው። በማግሥቱ ሌላ ተረኛ መጥቶ «አልከፈላችሁም» ቢል የሚመሰክርልን ወረቀቱ ነው።

7. ሰፈሩን እንወቅ

አልጋ ከያዝን በኋላ ወደ ጉዳያችን ከመሄዳችን በፊት ሰፈሩን ዞር ዞር ብለን እንይ። የአልጋ ቤቱን ስም፣ የሰፈሩን ስምና የስልክ ቁጥሩን ጽፈን በኪሳችን እናድርግ። አብሮን ያለው ሰውም ለብቻው ይያዝ። ብንጠፋፋ ወረቀቱን አሳይተን እንመለሳለን።

ታክሲ ስንሳፈር ሳንገባ ረዳቱን ዋጋ እንጠይቅ፤ ወይም አጠገባችን የቆመውን ሰው እንጠይቅ። መውረጃችን ሲደርስ «ወራጅ አለ!» እንላለን። የከተማ አውቶቡስ ከታክሲ ይረክሳል፤ ነገር ግን ይጠበቃል፤ ይጨናነቃል። በግፊያ ውስጥ ኪስ አውላቂ አይጠፋም። እጃችን ከኪሳችን አይራቅ። ሰው ሆን ብሎ ቢገፋን ወይም ልብሳችን ላይ ነገር ቢያፈስብን ዞረን ከመጣላታችን በፊት ኪሳችንን እንያዝ።

ምግብ የት እንብላ? የሰፈሩ ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና ሐኪም ቤት የሚጠብቁ ሰዎች የሚበሉበትን ቤት እንይ። ሰው የሚበዛበት ቤት ምግቡ አያድርም። ዋጋው ግድግዳ ላይ ወይም በወረቀት ተጽፎ ከሆነ እናንብበው። ካልተጻፈ ሳናዝ እንጠይቅ። ሽሮና በየዓይነቱ ብዙ ጊዜ ከሥጋ ወጥ ይረክሳሉ። ከቤት የያዝነው በሶና ቆሎም ትልቅ ስንቅ ነው።

መንገድ ስንጠይቅ አንድ ሰው ብቻ አንጠይቅ። ባለሱቅ፣ የትራፊክ ፖሊስ ወይም ዘበኛ ሰፈሩን ያውቃል። «ልውሰድህ» ብሎ ወደ ጠባብ መንገድ የሚመራንን ሰው አንከተል። በአዲስ አበባ ችግር ቢደርስብን በ991 ደውለን ፖሊስ እንጠራለን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥሩ 907 ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ዛሬውኑ በደብተራችን እንጻፋቸው።

8. ወጪያችንን እየጻፍን እንኑር

በከተማ ገንዘብ በትንሽ በትንሹ ነው የሚያልቀው። አንድ ሻይ፣ አንድ ታክሲ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ስንል ማታ ኪሳችን ይቀላል። ስለዚህ በየማታው ከመተኛታችን በፊት አምስት መስመር እንጻፍ፦

የአልጋ — ስንት ብር
የምግብ — ስንት ብር
የመጓጓዣ — ስንት ብር
የጉዳያችን — ስንት ብር
የቀረን — ስንት ብር

ከሁሉ አስቀድመን ግን የመመለሻችንን የመኪና ዋጋ ለይተን እናስቀምጥ። ያ ገንዘብ እንደ ዘር ነው። ዘር አይበላም። የመድኃኒቱንም ገንዘብ እንዲሁ ለይተን እንያዝ። የቀረው ብር ለስንት ሌሊት እንደሚበቃ በየቀኑ እናስላ። ሁለት ሌሊት ብቻ ሲቀረው የሚደነግጥና አምስት ሌሊት ሲቀረው የሚያስብ ሰው አንድ አይደሉም። የሚያስበው ሰው አልጋ ለመለወጥ፣ ከዘመድ ጋር ለመመካከር፣ ቀጠሮውን ለማስተካከል ጊዜ አለው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ከተማርን ወዲህ ከተማ እንደ ድሮው አያስፈራንም። ሰሌዳውን አንብበን ሰፈሩን እናገኛለን። ደረሰኙን አንብበን ሂሳባችንን እናውቃለን። የምንጽፋት አምስት መስመር የበሬያችንን ዋጋ ትጠብቅልናለች።

አዳዲስ ቃላት

ቀብድ — ዕቃ ወይም አልጋ ለመያዝ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ
ኮሚሽን — ደላላ ስላገናኘ የሚከፈለው ገንዘብ
ደረሰኝ — ገንዘብ ለመከፈሉ ማስረጃ የሚሆን ወረቀት
አስታማሚ — በሽተኛን የሚረዳና የሚጠብቅ ሰው
ፈረቃ — ተራ፤ በየተወሰነ ጊዜ መለዋወጥ

ጥያቄዎች

1. ከመናኸሪያ የሚቀበለን ደላላ ገንዘቡን የሚያገኘው ከማን ነው? መጨረሻ ላይ የሚከፍለውስ ማን ነው?

2. አንድ አልጋ በሌሊት 350 ብር ነው። ከጉዳያችን ቦታ ስለሚርቅ ለአንድ ሰው በቀን 80 ብር የታክሲ ያስወጣል። ሌላው አልጋ 420 ብር ነው፤ ታክሲ አያስፈልገውም። ለአንድ ሰው በአምስት ቀን የትኛው ይረክሳል? በስንት ብር?

3. አልጋ ከመክፈላችን በፊት የምናያቸውን ስድስት ነገሮች ጻፉ። በሽተኛ ይዞ ለሄደ ሰው ይበልጥ የሚያስፈልጉት የትኞቹ ናቸው? ለምን?

4. ከቀበሌያችሁ በዚህ ዓመት ወደ ከተማ ሄዶ የተመለሰ ሰው ፈልጉ። የት እንዳደረ፣ ስንት እንደከፈለና ምን እንደገጠመው ጠይቁት። የነገራችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ። ነገ የሚሄድ ሰው ይጠቀምበታል።